ፍሪደም ሐውስ፦ ሥራ አጥ ወጣቶች ፓራሜዲክ የሆኑበት የፒትስበርግ ጉዳይ

ወጣቶችን በተለማማጅነት ወደ አምቡላንስ ሥራ ስለማስገባት ሲወራ፣ ክርክሩ ቶሎ ወደ መግቢያው በር ይሄዳል። ምን ያህል የተማረ ይመልመል? ስንት ሰዓት ይሠልጥን? ሥራው የሰው ነፍስ የሚያዝበት ስለሆነ ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ግን ብቻቸውን አይበቁም። ይህን በግልጽ የሚያሳይ አንድ እውነተኛ ጉዳይ አለ። ቦታው አሜሪካ፣ ፔንሲልቬንያ ግዛት፣ ፒትስበርግ ከተማ ነው። ድርጅቱ ፍሪደም ሐውስ አምቡላንስ አገልግሎት ይባል ነበር። ሥራ አጥ ወጣቶችን ፓራሜዲክ፣ ማለትም ከሆስፒታል ውጭ ድንገተኛ ሕክምና የሚሰጥ ባለሙያ፣ አደረገ። በ1967 ተመሥርቶ በ1975 ተዘጋ። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በእነዚያ ስምንት ዓመታት ውስጥ ማንም ዞር ብሎ የማያያቸው ወጣቶች በዘመኑ ከነበሩት አምቡላንሶች የላቀ ሥራ ሠሩ። ከዚያ ከተማው አገልግሎቱን ወሰደው። ልጆቹንም ቀስ በቀስ አወጣቸው። ይህ የሆነው ሥልጠናው ደካማ ስለነበር አይደለም። እንዲያውም ሥልጠናው የጉዳዩ ጠንካራ ጎን ነው። የተበላሸው ከሥልጠናው በኋላ ያለው ነው።

በፊት እንዴት ነበር?

በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ አምቡላንስ በአብዛኛው ሕክምና አይሰጥም ነበር። ያጓጉዛል፣ በቃ። የአገሪቱ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ በ1966 ያወጣው ዘገባ እንደሚለው፣ ከአገሪቱ የአምቡላንስ አገልግሎት ግማሽ ያህሉ በ12,000 ቀብር አስፈጻሚዎች እጅ ነበር። ነገሩ እንግዳ ይምሰል እንጂ ምክንያቱ ቀላል ነው። ሰው አጋድሞ የሚወስድ ረጅም መኪና የነበራቸው እነሱ ናቸው። ያው ዘገባ በ1965 ብቻ 107,000 ሰዎች በድንገተኛ አደጋ እንደሞቱ ይናገራል። ከቬትናም የተመለሱ ባለሙያዎች የተናገሩትንም ጠቅሷል፦ ክፉኛ የቆሰለ ሰው ከከተማ ጎዳና ይልቅ ጦር ሜዳ ላይ የመትረፍ ዕድሉ ይሻላል። ጦር ሜዳ ላይ የሠለጠነ የሕክምና ረዳት አለ። ከተማ ውስጥ ማንም የለም።

ፒትስበርግ ውስጥ ሥራው የፖሊስ ነበር። ፖሊሶቹ እስረኛ የሚያመላልሱበትን መኪና ይዘው ይመጣሉ። በሽተኛውን በቃሬዛ አንሥተው ከኋላ ያስገባሉ። ሁለቱም ፖሊሶች ፊት ይቀመጣሉ። ከዚያ ወደ ሆስፒታል መብረር ነው። ኋላ ያለው ሰው ትንፋሹ ቢቆም የሚያየው የለም።

ይህ ለሁሉም መጥፎ ነበር። ሂል ዲስትሪክት ለሚባለው የጥቁር አሜሪካውያን ሰፈር ግን የባሰ ነበር። ሰፈሩ በ1950ዎቹ የታችኛው ክፍሉ መፍረስ ጀመረ። ለአዲስ የስፖርትና የመዝናኛ አዳራሽ ሲባል ከ8,000 በላይ ሰው ተነሥቷል። ሥራ አጥነቱ ከባድ ነው። ከፖሊስ ጋር ያለው ግንኙነትም ሻካራ ነው። ሰው ታሞ እንኳን ፖሊስ ለመጥራት ያመነታ ነበር። ፖሊስም ቢጠራ ቶሎ ላይመጣ ይችላል። ትላልቆቹ ሆስፒታሎች ደግሞ ከሰፈሩ ብዙም አይርቁም። ከሕክምናው ያራራቃቸው መንገዱ አልነበረም።

ሦስት ሐሳቦች እንዴት ተገናኙ?

ፊሊፕ ሃለን ሞሪስ ፎልክ የሕክምና ፈንድ የሚባል የበጎ አድራጎት ድርጅት ይመሩ ነበር። ወጣት ሳሉ አምቡላንስ ነድተዋል። ለሂል ዲስትሪክት የፈለጉት ሁለት ነገር ነው፤ የተሻለ አምቡላንስ እና ለወጣቶች ሥራ። በሰፈሩ ውስጥ ደግሞ ፍሪደም ሐውስ ኢንተርፕራይዝስ የሚባል ድርጅት ነበር። የሚመሩት ጄምስ ማኮይ ናቸው። ዓላማው የጥቁሮችን ሥራና ንግድ ማበረታታት ነው። የሰፈሩ ሰው ያውቀዋል፣ ያምነዋል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ምልመላውን ያካሄደው አንድ የከተማ መሥሪያ ቤት ቢሆን ኖሮ ስንቱ ወጣት በሩን እንደሚያንኳኳ እንጃ።

ሦስተኛው ሰው ዶክተር ፒተር ሳፋር ናቸው። ትውልዳቸው ቪየና ነው፤ የሰመመን ሐኪም ናቸው። ከአፍ ለአፍ ትንፋሽ መስጠት እንደሚሠራ በ1950ዎቹ መጨረሻ በጥናት ካረጋገጡት ሐኪሞች አንዱ ናቸው። ዛሬ ሲፒአር የምንለውን ልብና ትንፋሽን የመመለስ ዘዴ ቅርጽ በማስያዝ ስማቸው ይነሣል። ያንን ጥናት ሲያካሂዱ ትንፋሽ ሰጪዎቹ ሐኪሞች ብቻ አልነበሩም። ጥቂት ገለጻ የተደረገላቸው ተራ ሰዎችም ነበሩበት። ስለዚህ ሳፋር ነፍስ የማዳን ክህሎት የዲግሪ ጉዳይ እንዳልሆነ ያዩት ቀደም ብለው ነው።

1966 ለሳፋር ክፉ ዓመት ነበር። የ11 ዓመት ልጃቸው ኤልሳቤጥ አስም ተነሥቶባት ሞተች። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ የቀድሞው የፒትስበርግ ከንቲባና የግዛቱ ገዢ ዴቪድ ሎውረንስ ንግግር እያደረጉ መድረክ ላይ ወደቁ። በፖሊስ መኪና ሆስፒታል ደረሱ። አንጎላቸው ግን ኦክስጅን አጥቶ ቆይቷል። ከቀናት በኋላ አረፉ። በከተማው ከእሳቸው በላይ የሚታወቅ ሰው ማግኘት ይከብዳል። የዚያ ሰው ዕጣ እንኳን ያው የፖሊስ መኪና ሆነ።

ሃለን ወደ ሳፋር የሄዱት ለምክር ነበር። ሳፋር ግን ሐሳቡን አስፋፉት። መኪና ነጂ ብቻ ማሠልጠን አልፈለጉም። ሆስፒታሉን ወደ ጎዳና የሚያወጣ ባለሙያ ነበር የፈለጉት። እንዲህ ያለ ሙያ ያኔ አገሪቱ ውስጥ በደንብ የታወቀ አልነበረም። ለሙያው ብሔራዊ ደረጃ አልወጣም። የመማሪያ መጽሐፍም የለውም። እና ይህን ሙያ ለመጀመር የመረጧቸው እነማንን ነው? ሥራ የሌላቸውን የሂል ዲስትሪክት ወንዶች።

ሥልጠናው

የመጀመሪያዎቹ ሠልጣኞች ሁለት ደርዘን ገደማ ነበሩ። ብዙዎቹ ሁለተኛ ደረጃ አልጨረሱም። ከቬትናም የተመለሱ አሉባቸው። የወንጀል መዝገብ ያለባቸውም አሉ። እንዲህ ያለ ስብስብ ሲገጥመው አብዛኛው የሥልጠና አዘጋጅ የሚያደርገውን እናውቃለን። ትምህርቱን ያቀለዋል። ከባዱን ክፍል ያወጣዋል። ለረዳትነት የሚበቃ ነገር ሰጥቶ ያሰናብታል።

እዚህ የተደረገው ተቃራኒው ነው። ኮርሱ 300 ሰዓት ሆነ፤ የፈጀውም 32 ሳምንት። ለንጽጽር ያህል፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ መንግሥት ያወጣው የመጀመሪያው ብሔራዊ የአምቡላንስ ሠራተኛ ኮርስ 81 ሰዓት ነበር። የሰው አካል አሠራር ተማሩ። ትንፋሽ መመለስ፣ ደም ማቆም፣ ስብራት ማሰር፣ በሽተኛ መንከባከብ፣ በጥንቃቄ መንዳት ተማሩ። ሆስፒታል ገብተው ከሐኪምና ከነርስ ጎን ቆሙ። ሁለተኛ ደረጃ ያልጨረሱት ጎን ለጎን ትምህርታቸውን አሟልተው ከሁለተኛ ደረጃ ጋር እኩል የሆነውን ሰርተፊኬት እንዲያገኙ ተደረገ።

እኔ በጣም የምወደው ይህን የመጨረሻውን ውሳኔ ነው። ሁለተኛ ደረጃ አለማጠናቀቅ እንደ መከልከያ አልተቆጠረም። ችላ ተብሎም አልታለፈም። የሥልጠናው አካል ሆነ። ዛሬም ብዙ የተለማማጅ መርሐ ግብር ከሁለቱ ስህተቶች በአንዱ ይወድቃል። ወይ ሰርተፊኬት የሌለውን ከበር ይመልሳል፣ ወይ ያለ ሰርተፊኬት አስገብቶ ወደ ቀጣዩ ደረጃ ማደግ በማይችልበት ቦታ ይተወዋል።

መኪናውም ታሰበበት። ሳፋር የአምቡላንሱ ውስጥ እንዴት መሆን እንዳለበት ራሳቸው ዝርዝር አወጡ። ሠራተኛው በበሽተኛው ራስጌ መቀመጥ አለበት። ለምን ቢባል፣ ትንፋሽ የሚጠበቀው ከዚያ ነው። ኦክስጅን፣ የአፍ ፈሳሽ መምጠጫ፣ ከሆስፒታል ጋር የሚያገናኝ ሬዲዮ ያስፈልጋል። ተራ ነገር ሊመስል ይችላል። ግን በፖሊሱ መኪና ውስጥ ማንም ሰው የሠለጠነበትን ሊሠራ አይችልም። ተለማማጅን በደንብ አሠልጥኖ ክህሎቱን የማይጠቀምበት መሣሪያ መስጠት የተለመደ ብክነት ነው።

ሥልጠናው እየተካሄደ ሳለ፣ በኤፕሪል 1968፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ ተገደሉ። ሂል ዲስትሪክት በሁከት ተናወጠ። በዚያው ዓመት የፍሪደም ሐውስ አምቡላንሶች ጎዳና ላይ ወጡ።

ጎዳናው ላይ

በመጀመሪያው ዓመት ወደ 5,800 ጥሪ መለሱ። ከ4,600 በላይ በሽተኛ አጓጓዙ። ሳፋር በሰበሰቡት መረጃ መሠረት 200 ያህል ሰው ከሞት ተርፏል።

ጥሪው ግን በቀላሉ አይደርሳቸውም ነበር። ሰው አደጋ ሲደርስበት የሚደውለው ለፖሊስ ነው። ፖሊስም ጥሪውን ሁልጊዜ አያስተላልፍም። ልጆቹ መላ ዘየዱ። የፖሊስን ሬዲዮ እያዳመጡ ቀድመው መድረስ ጀመሩ። ቀልጣፋ መላ ነው። ሥርዓቱ የተበላሸ መሆኑንም ያሳያል። አንድ አገልግሎት ሥራውን ለማግኘት የተቀናቃኙን ሬዲዮ መጥለፍ ካስፈለገው፣ መሠረቱ ላይ የጎደለ ነገር አለ።

ሌላም ፈተና ነበረ። አንዳንድ ነጭ በሽተኛ ጥቁር ሰው እንዲነካው አይፈልግም። ሆስፒታል ሲደርሱ ደግሞ አንዳንድ ሐኪም እንደ ጽዳት ሠራተኛ ያያቸዋል። የበሽተኛውን ሁኔታ በሕክምና ቋንቋ ሲናገሩ ግን ነገሩ ይቀየራል። የደም ግፊቱ ይህን ያህል ነው፣ ትንፋሹ እንዲህ ነው፣ ይህን አድርገንለታል። ይህ ዓይነት ርክክብ ከፖሊስ መጥቶ አያውቅም።

በሰፈሩ ውስጥ የነበረው ለውጥ ሌላ ነው። የሚመጡት ልጆች የጎረቤት ልጆች ናቸው። የትኛው ቤት በየት በኩል እንደሚገባ ያውቃሉ። ሽማግሌው ለምን ሆስፒታል መሄድ እንደማይፈልግ ይገባቸዋል። ሌሎች ወጣቶችም ዩኒፎርም ለብሰው ሲያዩአቸው ሐሳብ ይይዛሉ። ጆን ሙን ከእነዚህ አንዱ ናቸው። ያኔ በሆስፒታል ቃሬዛ የሚገፉ ወጣት ነበሩ። አንድ ቀን ሁለት የፍሪደም ሐውስ ሰዎች በሽተኛ ይዘው ሲገቡ አዩ። አኳኋናቸውን ወደዱት። እኔም እንደነሱ እሆናለሁ ብለው ተነሡ። ሠልጥነው በ1972 ገቡ። በኋላ ከሆስፒታል ውጭ የመተንፈሻ ቱቦ ወደ በሽተኛ ጉሮሮ ካስገቡ ቀደምት ፓራሜዲኮች አንዱ ሆኑ።

ለምልመላ የሚወጣው ማስታወቂያ ሁሉ ሙን በአንድ ቀን ያዩትን አያህልም። ሰው የሚሳበው እሱን በሚመስል ሰው ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። በ1972 ሳፋር በሁለት ወር ውስጥ ሆስፒታል የደረሱ 1,400 በሽተኞችን ያካተተ ጥናት አካሄዱ። ጥያቄው ቀላል ነበር። በጽኑ የታመመው ሰው በመንገድ ላይ ትክክለኛውን እርዳታ አግኝቷል? በፍሪደም ሐውስ እጅ ከነበሩት 89 በመቶው አግኝተዋል። በፖሊስ በኩል የመጡት 38 በመቶ። በበጎ ፈቃደኛ አምቡላንሶች የመጡት 13 በመቶ። ልዩነቱ ሰፊ ነው። ያጠናው አሠልጣኙ ራሱ መሆኑን ግን መርሳት የለብንም። ቁጥሩ ትንሽ ቢያጋድል እንኳን በሁለቱ መካከል ያለውን ገደል አይሞላውም።

ካሮላይን ያመጡት

ከ1970ዎቹ አጋማሽ ቀደም ብሎ ዶክተር ናንሲ ካሮላይን ከሳፋር ጋር ለመሥራት ፒትስበርግ መጡ። ወጣት ሐኪም ናቸው። የፍሪደም ሐውስ የሕክምና ኃላፊ ሆነው ተመደቡ። በስም ብቻ የሚመሩ አልሆኑም። አምቡላንስ ላይ ወጥተው አብረው ይሄዳሉ። ሬዲዮ ይዘው ያዳምጣሉ፣ መመሪያ ይሰጣሉ። ከጥሪው በኋላ ደግሞ ቁጭ ብሎ መነጋገር አለ። ለምን ይህን መድኃኒት ሰጠህ? ልቡ እንዲህ ሲመታ ምን አሰብክ? በሚቀጥለው ምን ታደርጋለህ?

ይህ ለእኔ የጉዳዩ ትልቁ የሙያ ትምህርት ነው። ተለማማጅነት የሚባለው ነገር ልቡ ያለው እዚህ ነው። ክፍል ውስጥ የተማርከው በእውነተኛ ጥሪ ይፈተናል። ጥሪው ደግሞ ባለሙያ ባለበት ይገመገማል። ይህ ካልተደረገ ተለማማጁ መኪና ላይ ተጭኖ የሚዞር ተጨማሪ እጅ ብቻ ነው። በብዙ ቦታ የሚሆነውም ይኸው ነው። ልጁ ቃሬዛ ያነሣል፣ መኪና ያጥባል፣ ወሩ ያልቃል፣ ወረቀቱ ይፈረማል። ግምገማው ጊዜ ይፈልጋል፤ ጊዜው ደግሞ የሐኪም ወይም የአንጋፋ ፓራሜዲክ ጊዜ ስለሆነ ውድ ነው። በጀት ሲቆረጥ መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው።

ሥራው ወደ ወረቀትም ወረደ። የአሜሪካ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ለመላው አገሪቱ የፓራሜዲክ ሥርዓተ ትምህርት እንዲዘጋጅ ሲፈልግ፣ ኃላፊነቱ ለካሮላይንና ለፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ተሰጠ። በ15 ሞጁል (የትምህርት ክፍል) ተከፍሎ በ1977 ወጣ። በመላው አገሪቱ የሚሠለጥኑ ፓራሜዲኮች የተማሩበት ትምህርት በእነዚያ የሰፈር ልጆች ጥሪዎች ላይ የተሞከረ ነበር። ሥርዓተ ትምህርቱ ሲወጣ ግን ፍሪደም ሐውስ ተዘግቶ ሁለት ዓመት አልፎታል።

ከተማው ሲወስደው

ፍሪደም ሐውስ የሚሠራው ከከተማው ጋር በሚያደርገው ውል ነው። ውሉ የሚፈቅድለት የከተማውን ጥቂት ክፍል ብቻ ነበር፤ ሂል ዲስትሪክትን፣ ኦክላንድንና መሐል ከተማውን። በቀረው ክፍል ፖሊስ እንደ ድሮው ያነሣል። የሚገርመው ምንድን ነው፣ የነጮቹ ሰፈሮች ነዋሪዎች ይህን ሲያዩ ቅሬታ ማሰማት ጀመሩ። እነዚያ ሰፈሮች የተሻለ አምቡላንስ አላቸው፣ እኛስ?

ሁለት መንገድ ነበር። አንዱ ፍሪደም ሐውስን ማስፋት። ሌላው የከተማውን የራሱን አገልግሎት ማቋቋም። በ1970 ሥልጣን የያዙት ከንቲባ ፒት ፍላኸርቲ ሁለተኛውን መረጡ። አገልግሎቱ በውጭ ድርጅት ሳይሆን በከተማው ቁጥጥር ሥር እንዲሆን ነበር የፈለጉት። እንዲህ ያለ አቋም በራሱ ክፉ አይደለም። ድንገተኛ ሕክምና የመንግሥት ሥራ ይሁን ማለት ሊያስኬድ ይችላል። ችግሩ አፈጻጸሙ ላይ ነው። የፍሪደም ሐውስ ገንዘብ ይዘገይ፣ በጀቱ ይቀነስ ጀመር። ውሉ አልሰፋም። በኦክቶበር 1975 ድርጅቱ ተዘጋ። ከተማው የራሱን አምቡላንስ ጀመረ።

ካሮላይን ሽግግሩን ለመርዳት የተስማሙት በቅድመ ሁኔታ ነበር። የፍሪደም ሐውስ ሠራተኞች ይቀጠሩ፣ ቡድናቸውም አይበተን። ከተማው እሺ አለ። ከዚያ ግን ቡድኖቹ ተበተኑ። አንጋፋዎቹ ልምዳቸው ካነሰ አዲስ ነጭ ተቀጣሪዎች በታች ተመደቡ። ፈተና መጣ፤ ካልተማሩት ነገር የሚጠይቅ፣ የወደቀ የሚወጣበት። የወንጀል መዝገብ ያለባቸው ተሰናበቱ። የቀሩትም ብዙዎቹ ተስፋ ቆርጠው ለቀቁ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ከፒትስበርግ ፓራሜዲኮች 98 በመቶ ያህሉ ነጭ ነበሩ።

የወንጀል መዝገቡን ነገር ልብ በሉ። ሰዎቹ ሲመለመሉ መዝገቡ ይታወቃል። ለዓመታት በሰው ቤት ገብተው፣ ራሱን የሳተ ሰው አንሥተው፣ በታማኝነት ሠርተዋል። የአሠሪው ስም ሲቀየር ግን ያ ሁሉ ዓመት ዜሮ ሆነ። ለሠልጣኙ የተሰጠው ምሕረት የድርጅቱ ነበር እንጂ የሙያው አልነበረም።

ለምን እንዲህ ሆነ?

ቀላሉ መልስ ዘረኝነት ነው። ትክክልም ነው። ያለ እሱ ይህን ታሪክ ማስረዳት አይቻልም። ግን ተለማማጅ መርሐ ግብር ለሚያዘጋጅ ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር አለ።

በእነዚያው ዓመታት ሌሎች ከተሞችም ፓራሜዲክ ማሠልጠን ጀምረዋል። ማያሚ፣ ሲያትል፣ ሎስ አንጀለስ። እነዚህ የመረጡት የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ነው። ሠራተኞቹ ሠልጥነው ሲወጡ ፓራሜዲክነቱ ባላቸው ሥራ ላይ ይታከላል። ደመወዛቸው ከከተማው ነው። ማኅበር አላቸው። ጡረታ አላቸው። አዲሱ አገልግሎት ቢሰፋም ቢፈርስም ሰውየው ሥራ አያጣም። ኃላፊ ሲቀየር ቦታው ከእሱ ጋር ይቆያል።

የፍሪደም ሐውስ ልጆች ግን ያላቸው ፍሪደም ሐውስ ብቻ ነው። የሙያ ማረጋገጫው ከዚያ፣ ደመወዙ ከዚያ፣ የሥራ ልምዱ የሚታወቀው በዚያ። ድርጅቱ ራሱ የሚኖረው በየጊዜው በሚታደስ ውል ነው። ሠልጣኞቹ በዘመኑ ከነበሩት አብዛኞቹ የአምቡላንስ ሠራተኞች በላይ ሠለጠኑ። ችሎታቸውን ከአንድ አሠሪ ወደ ሌላው ይዘው የሚሄዱበት ወረቀት ግን በእጃቸው አልነበረም። ብሔራዊ ደረጃው ገና እየተጻፈ ነበር፤ የተጻፈውም በእነሱ ሥራ ላይ ተመሥርቶ ነው። ፈታኙ ማን ይሁን የሚለውን የወሰነው ደግሞ ሊያስወጣቸው የፈለገው አካል ነው።

አንድ ሰው እንዲህ ሊል ይችላል፤ እንግዲያው ሳፋርም የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ቢያሠለጥኑ ይሻል ነበር። እኔ አይመስለኝም። የፒትስበርግ እሳት አደጋ በዚያ ዘመን ለሂል ዲስትሪክት ወጣት በሩን የሚከፍት ቦታ አልነበረም። ሥራ አጡ ወጣት የተገኘው ሥራው ከሰፈሩ ስለተጀመረ ነው። ጥቅሙና ጉዳቱ አንድ ላይ የመጡ ናቸው።

ስለዚህ ዛሬ አንድ የአምቡላንስ አገልግሎት ወጣቶችን በተለማማጅነት ልወስድ ነው ሲል፣ ከሥልጠናው ሰዓት ቀጥሎ የምጠይቀው ይህን ነው። ፈተናውን የሚሰጠው ማነው? አሠሪው ራሱ ከሆነ፣ አሠሪው ሲቀየር ምን ይሆናል? ወረቀቱ በሌላ ከተማ ይሠራል? ልጁ ሲገባ የታለፈለት ጉድለት፣ የትምህርት ይሁን የፖሊስ መዝገብ፣ በጽሑፍ ተቀምጧል ወይስ በአንድ ደግ ኃላፊ ቃል ብቻ የቆመ ነው? ተለማማጅ ሆኖ የገባ ሰው ኃላፊ ሆኖ ያውቃል? የመጨረሻው ጥያቄ ደስ አይልም። ስብሰባ ላይ ሲነሣ ዝምታ ይሰፍናል። ግን መልሱ ብዙ ይናገራል።

ከዚያስ?

የልጆቹ ታሪክ በመዘጋቱ አላበቃም። ከፍሪደም ሐውስ የወጡት ሚቸል ብራውን በኋላ የኮለምበስ፣ ኦሃዮ የሕዝብ ደኅንነት ዳይሬክተር ሆነዋል። ፖሊሱንም እሳት አደጋውንም መርተዋል ማለት ነው። ጆን ሙን በፒትስበርግ ቀሩ። ችለው ቆዩ። ደረጃ በደረጃ ወጥተው የከተማው የድንገተኛ ሕክምና አገልግሎት ረዳት ዋና ኃላፊ ሆኑ፣ በ2009 ጡረታ ወጡ። ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ ካደረጉት አንዱ ጥቁር ወጣቶችን ፈልጎ ማስገባት ነው። በዚያ ጥረት ከገቡት መካከል አሜራ ጊልክሪስት ይገኙበታል። በ2023 የዚያው አገልግሎት ዋና ኃላፊ ሆነዋል፤ በቦታው የተቀመጡ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናቸው። ከ1975 እስከዚያ 48 ዓመት ነው።

ቅርብ ጊዜ ደግሞ የፒትስበርግ ትልቁ የሆስፒታል ድርጅት ፍሪደም ሐውስ 2.0 ብሎ የሰየመውን ሥልጠና ጀምሯል። የሚመለምለው እንደ ድሮው አነስተኛ ገቢ ካላቸው ሰፈሮች ነው። ሥልጠናው 10 ሳምንት ነው። የሚያወጣውም የድንገተኛ ሕክምና ቴክኒሻን ነው፤ ይህ ከፓራሜዲክ በታች ያለ ደረጃ ነው። ጥሩ መግቢያ ነው። ቴክኒሻንነቱ ዛሬ የታወቀ ፈቃድ ስላለው፣ ሠልጣኙ ወረቀቱን ይዞ ሌላ አሠሪ ጋ መሄድ ይችላል። የ1968ቱ ልጆች ይህ አልነበራቸውም። በሌላ በኩል ግን እነዚያ ልጆች ሠልጥነው ሲወጡ በሙያው አናት ላይ ነበሩ። የአሁኖቹ የሚጀምሩት ከታች፣ ደመወዙ ዝቅ ከሚልበት ነው። ከዚያ ወደ ፓራሜዲክ ለመድረስ ብዙ ወራት የሚፈጅ ተጨማሪ ትምህርት ይጠብቃቸዋል። የዚያን ትምህርት ወጪ ማን እንደሚሸፍን፣ በትምህርቱ ጊዜ ደመወዝ ይቀጥል እንደሆነ፣ ፈረቃቸውን ማን እንደሚያመቻችላቸው ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ሊነገራቸው ይገባል።